ነርቭ በትዕግሥት፣ ባት በጊዜ፣ ጅማት በሸክም



ዛሬ ጠዋት ቡና እንኳ ሳልጠጣ አንድ ነገር ለክቼ ነው ከቤት የወጣሁት። ጫማዬን አውልቄ ግድግዳ ፊት ቆምሁ። የቀኝ ተረከዜን ከወለሉ ሳላነሣ ጉልበቴን ወደ ፊት አጥፌ ግድግዳውን አስነካሁት። ከዚያ እግሬን ጥቂት በጥቂት ወደ ኋላ አሸሸሁ። ተረከዜ ሊነሣ ሲል ቆምሁና በአውራ ጣቴ ጫፍ ላይ ወለሉን በእርሳስ አሰመርሁት። ከግድግዳው 8 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ቀጥዬ ባቴን አራት ጊዜ፣ በየጊዜው 30 ሰከንድ፣ ግድግዳ ተደግፌ አሳሳብሁት። መልሼ ለክቼ ሌላ መስመር ሳሰምር 9 ሳንቲ ሜትር ተኩል ሆነ።

በሁለት ደቂቃ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል አገኘሁ። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ይህች ትርፍ ከየት እንደመጣች መጠየቅ ነው። ጡንቻዬ ረዘመ? ጅማቴ ላላ? ወይስ ሌላ ነገር ተለወጠ?

ጥያቄው ጥቃቅን ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጎሕ ሲቀድ በመስቀል አደባባይ ያለፈ ሰው የሚያየው ትዕይንት ነው። ደረጃውን ሽቅብ ቁልቁል ከሚሉት መካከል ጥጉ ላይ ጣቱን አሳርፎ ተረከዙን ወደ ታች የሚለቅ አለ፤ አጥር ገፍቶ ባቱን የሚያሳስብ አለ፤ ጓደኛው እግሩን ይዞ የሚገፋለትም አለ። ለምን እንደሚያደርገው ብትጠይቁት "ጅማቴ እንዲፍታታ፣ እንዳልጎዳ" ይላችኋል። ሦስቱም የሚያደርጉት ግን አንድ ዓይነት ነገር አይደለም፤ የሚያገኙትም እንደዚሁ።

ሁለት ጡንቻ፣ አንድ ጅማት

እስቲ እጃችሁን ወደ ባታችሁ ስደዱ። በእግር ጣታችሁ ስትቆሙ ሁለት ቦታ ተከፍሎ የሚያብጠው ላይኛው ጡንቻ ነው። ሐኪሞች ጋስትሮክኒሚየስ ይሉታል። የሚነሣው ከጉልበት በላይ፣ ከጭን አጥንት ነው። ከሥሩ ጠፍጣፋ ሆኖ የተደበቀ ሌላ ጡንቻ አለ፤ ሶሊየስ ይባላል። እርሱ የሚነሣው ከጉልበት በታች ነው። ሁለቱ ወደ ታች ወርደው ይገናኙና በአንድ ወፍራም ጅማት የተረከዝ አጥንት ላይ ይተከላሉ።

ይህች የመነሻ ልዩነት ትልቅ ጉዳይ አላት። ጉልበታችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ስታሳስቡ ላይኛው ጡንቻ ይሳባል። ጉልበታችሁን ስታጥፉ ግን ላይኛው ይላላና መሳቡ በሶሊየስ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሁልጊዜ በቀጥ ጉልበት ብቻ የሚያሳስብ ሰው ግማሹን ሥራ ትቶታል። ቁጢጥ ሲል ተረከዙ የሚነሣበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ይኸው የተረሳው ግማሽ ነው።

ጅማቱን የአኪሊስ ጅማት ብሎ የሰየመው ፊሊፕ ፈርሄየን የተባለ የፍላንደርስ የአናቶሚ ሊቅ ነው፤ በ1693። (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የእኛ ሰው ቋንጃ ይለዋል። ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ከሰውነታችን ጅማቶች ሁሉ ጠንካራው እርሱ ነው። ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን የተገመደ ጠፍር እንደሆነ አስቡት። ስንሮጥ የሰውነታችንን ክብደት ስድስት እጥፍና ከዚያም በላይ ይሸከማል። ብሪታንያዊው ማክኒል አሌክሳንደርና ባልደረቦቹ በ1987 እንዳሰሉት፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲሮጥ በእያንዳንዱ እርምጃ ከሚመላለሰው ጉልበት ሲሦ ያህሉን ይህ ጅማት ተለጥጦ ያጠራቅምና መልሶ ይሰጣል።

የጭነት መኪና ባሌስትራ ታውቃላችሁ። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ጎበጥ ይላል፣ ወዲያው መልሶ ያነሣል። ጅማታችን ባሌስትራ ነው። ባሌስትራው የላላ መኪና ግን አይነዳም። "ጅማቴን ላፍታታ" የምንለው ምኞት ገና ከመነሻው መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ጡንቻና ጅማት በአንድ መስመር የተቀጣጠሉ ስለሆኑ ከውጭ ሲታይ የቱ እንደተለጠጠ አይታወቅም። ይህን ምስጢር የፈታው ነፍሰ ጡር እናቶች የሚታዩበት አልትራሳውንድ ነው። መሣሪያውን ባት ላይ ሲያስቀምጡት ጡንቻው አልቆ ጅማቱ የሚጀምርበት ጫፍ በስክሪኑ ላይ ይታያል። ቁርጭምጭሚቱ ሲታጠፍ ያ ጫፍ ወደ ታች ይንሸራተታል። ስንት ሚሊ ሜትር እንደሄደ ሲለካ የጡንቻውና የጅማቱ ድርሻ ለየብቻ ይወጣል።

ዘበኛው

አሁን ወደ እርሳሴ ምልክት እንመለስ። በ1996 ፒተር ማግኑሰንና ባልደረቦቹ ኮፐንሃገን ውስጥ ሰዎች ለ3 ሳምንት ያህል የአንድ እግራቸውን የጭን ኋላ ጡንቻ ብቻ እንዲያሳስቡ አደረጉ። ሌላው እግር ማነጻጸሪያ ሆነ። በመጨረሻ ያሳሳቡት እግር ከበፊቱ ራቅ ብሎ ይዘረጋ ጀመር። ጡንቻው ለመሳቡ የሚሰጠው ተቃውሞ ሲለካ ግን እኩል በሆነ ማዕዘን ላይ እንደ ድሮው ነበር። የተለወጠው ሰዎቹ "ይብቃኝ" የሚሉበት ቦታ ነው።

ይህ የጭን ነገር ነው እንዳትሉኝ፣ በ2014 አንድሪያስ ኮንራድና ማርኩስ ቲልፕ በኦስትሪያዋ ግራዝ ከተማ በባት ላይ ሞከሩት። ተሳታፊዎቹ ለ6 ሳምንት ባታቸውን እንደ እኔ 30 ሰከንድ እየያዙ አሳሳቡ። ቁርጭምጭሚታቸው አምስት ዲግሪ ያህል ተጨማሪ መታጠፍ ቻለ። በአልትራሳውንድ ሲታይ ግን የጡንቻውም የጅማቱም ግትርነት አልተለወጠም።

አዲስ ዘበኛ የተቀጠረበት ግቢ አስቡ። የመጀመሪያ ቀን በር ላይ ያስቆማችኋል፣ መታወቂያ ይጠይቃል፣ ከወዴት ናችሁ ይላል። በሳምንቱ እጁን አንሥቶ ሰላም ይላል። በወሩ በሩን ራሱ ይከፍትላችኋል። ግቢው ስንዝር አልሰፋም፤ ዘበኛው ለመዳችሁ እንጂ። የነርቭ ሥርዓታችን እንደዚያ ዘበኛ ነው። መሳቡን መጀመሪያ አደጋ ነው ብሎ ያቆመዋል፤ ሲደጋገምና ምንም ጉዳት እንዳልመጣ ሲያይ ጥቂት ያሳልፋል። የእኔ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል አብዛኛዋ የዘበኛው ቸርነት ናት።

ይህ ማለት ከንቱ ናት ማለት አይደለም። ቁጢጥ ለማለት፣ ለስግደት ተንበርክኮ ለመነሣት፣ ደረጃ ለመውረድ የሚያስፈልገው ስፋት የተገኘው ከነርቭ ቢሆንም ያው ስፋት ነው። ነገር ግን ዘበኛ ይረሳል። ለጥቂት ሳምንታት ካልመጣችሁ እንደገና መታወቂያ ይጠይቃል።

ባት ጊዜ ይፈልጋል

ሥጋው ራሱስ ፈጽሞ አይለወጥም? ይለወጣል፤ ግን ዋጋው ሌላ ነው። ለጥቂት ደቂቃ በተከታታይ የተሳበ ባት ለጊዜው ይለሰልሳል፤ ያ ልስላሴ ብዙውን ጊዜ ሰዓት ሳይሞላ ይጠፋል። በቤልጂየም ጌንት ከተማ ኔሌ ማሂዩና ባልደረቦቿ በ2007 ባወጡት የ6 ሳምንት ጥናት፣ ረግተው ያሳሳቡ ሰዎች ባት ለመሳብ የሚሰጠው ተቃውሞ ቀንሶ ተገኝቷል፤ ጅማታቸው ግን አልተለወጠም። በዚያው ጥናት እየወዘወዙ ያሳሳቡት ደግሞ ጅማታቸው ግትርነቱን ጥቂት ቀነሰ። ግራዝና ጌንት ስለ ጡንቻው አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም። በጥቂት ደቂቃ ማሳሳብ የሚመጣው የሥጋ ለውጥ አንዴ የሚታይ፣ አንዴ የማይታይ ትንሽ ነገር መሆኑን ከልዩነታቸው መረዳት ይቻላል።

መጠኑ ሲበዛ ግን ጡንቻ ይናገራል። ጡንቻ ሳርኮሜር በሚባሉ ጥቃቅን ቀለበቶች እንደተቀጣጠለ ሰንሰለት ነው። በ1972 ፈረንሳይ ውስጥ ታባሪና ባልደረቦቹ የድመቶችን ሶሊየስ በጄሶ አሰሩ። አጥሮ የታሰረው ጡንቻ ከቀለበቶቹ 40 በመቶ ያህሉን አጣ፤ ረዝሞ የታሰረው ደግሞ 20 በመቶ ያህል አዳዲስ ቀለበት ጨመረ። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ቀንና ሌሊት ለሳምንታት በታሰረ እግር ነው።

በሰው ላይ እንዲህ ዓይነቱን ጄሶ በገዛ ፈቃዳችን የምናጠልቅበት ጊዜ አለ፤ ስሙ ረጅም ተረከዝ ያለው ጫማ ነው። በ2010 ሮበርት ቻፖና የማንችስተር ባልደረቦቹ ባለ 5 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ተረከዝ ለዓመታት አዘውትረው የተጫሙ ሴቶችን ከሌሎች ጋር አነጻጸሩ። ባለ ረጅም ተረከዞቹ የባት ጡንቻ ክሮች ከ10 በመቶ በላይ አጥረው ተገኙ። ጅማታቸው ሊያጥር ይችላል ተብሎ ነበር፤ አላጠረም። ይልቁንም ወፈረ፣ ጠጠረም። ረጅም ተረከዝ የለመደች እህታችን ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ወለል ስትረግጥ "ባቴን ያዘኝ" የምትለው ለዚህ ነው።

ሌላው ጫፍ ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ሕፃን ሕክምና ነው። ስፔን ተወልዶ አሜሪካ አይዋ ውስጥ የሠራው ኢግናሲዮ ፖንሴቲ የቀየሰው፣ በአገራችንም የሚሰጠው ይህ ሕክምና፣ እግሩን በየሳምንቱ ጥቂት እያቀና በጄሶ ያስረዋል። አምስት ስድስት ጄሶ ሲቀየር የእግሩ ቅርጽ ይመለሳል። የተረከዙ ጅማት ግን አብዛኛውን ጊዜ እሺ አይልም። በዚያን ጊዜ ሐኪሙ በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ጅማቱን ይቆርጠውና እግሩን በቀና ሁኔታ ለ3 ሳምንት ያስረዋል፤ ጅማቱ ክፍተቱን ሞልቶ ረዝሞ ይገጥማል። የሳምንታት ጄሶ ያልበገረውን የሕፃን ጅማት ካሰብን፣ የጎልማሳ ጅማት በ30 ሰከንድ ግድግዳ መደገፍ ይረዝማል ማለት ያስቸግራል።

በ2022 ደግሞ በጀርመን ኮንስታንቲን ቫርነከና ባልደረቦቹ ተሳታፊዎቻቸው እግራቸውን በመሣሪያ አስረው ባታቸውን በቀን አንድ ሰዓት፣ ለ6 ሳምንት እንዲያሳስቡ አደረጉ። የባታቸው መተጣጠፍ ጨመረ፤ ከዚያም አልፎ ክብደት ያነሡ ይመስል ጡንቻቸው 15 በመቶ ያህል ወፈረ፣ ጉልበታቸውም ጨመረ። በቀን አንድ ሰዓት ማን አለው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ጅማት የሚገባው ቋንቋ

ጅማት በልመና አይሰማም። ግድግዳ ስትደገፉ የሚደርሰው ኃይል በሩጫ ከለመደው አንጻር ሲታይ እንደ መዳበስ ነው። ሊጠነክር የሚችለው ከበድ ያለ ሸክም ሲያገኝ ነው። አዳማንቲዮስ አራምፓቲስና ባልደረቦቹ በ2007 ይህን በሚያምር መንገድ አሳዩ። ሰዎች ለ14 ሳምንት በአንዱ እግራቸው በመጠነኛ ኃይል፣ በሌላው በከፍተኛ ኃይል በእግራቸው ጫፍ እንዲገፉ አደረጉ። ጠቅላላው ሥራ እኩል እንዲሆን ተደላድሏል። ጅማቱ የተለወጠው በከፍተኛ ኃይል የገፋው እግር ብቻ ነው፤ ጠነከረ፣ ወፈረም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚወደደው ታሪክ ግን የስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም የሆካን አልፍሬድሶን ነው። ሯጭ ነበር፣ የተረከዝ ጅማቱ ለረጅም ጊዜ ታመመበት። ኋላ ራሱ እንደተረከው፣ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት ጠይቆ አለቃው እምቢ አለው። እንግዲያውስ ጅማቱን ጨርሼ አበላሸውና ቀዶ ሕክምናው ግዴታ ይሁን ብሎ፣ እያመመውም ደረጃ ጥግ ላይ ቆሞ ተረከዙን በክብደት ወደ ታች ማውረድ ጀመረ። ጅማቱ ተሻለው። ከዚያ በ1998 ባወጣው ጥናት ቀዶ ሕክምና ሲጠባበቁ የነበሩ 15 ሯጮችን ለ12 ሳምንት፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በቀጥና በታጠፈ ጉልበት፣ በየዙሩ 15 እያደረጉ ሦስት ሦስት ዙር እንዲሠሩ አደረገ። በቀን 180 ማለት ነው። አሥራ አምስቱም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ።

ከሩቅ ሲታይ ይህ ማሳሳብ ይመስላል፤ መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ተረከዙን የሚለቀው ወጣትም ተመሳሳይ ነገር የሚያደርግ ይመስለዋል። ልዩነቱ ሸክሙ ነው። የአልፍሬድሶን ሰዎች በቀስታ በሚወርዱበት ጊዜ ባታቸው ክብደታቸውን እየተቃወመ ነበር፤ ሲለምዱትም ሻንጣ በጀርባቸው አዝለው ክብደት ይጨምሩ ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሕመሙ ከተረከዝ በላይ ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ ሳይሆን ጅማቱ አጥንቱ ላይ በሚተከልበት ቦታ ላይ ከሆነ፣ ተረከዝን ከደረጃ በታች መልቀቅና አጥብቆ ማሳሳብ ጅማቱን አጥንቱ ላይ ይጫነዋል፤ ሕመሙንም ሊያባብስ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው እንቅስቃሴውን ወለል ላይ ብቻ ያድርግ።

ሯጭ ለምን ያሳስባል?

"እንዳልጎዳ" ወደሚለው መልስ እንምጣ። ሮድኒ ፖፕና ባልደረቦቹ በ2000 ባወጡት ጥናት 1,538 የአውስትራሊያ ምልምል ወታደሮችን ተከታተሉ። ግማሾቹ ከልምምድ በፊት ባታቸውን ጨምሮ የእግራቸውን ጡንቻዎች ያሳስቡ ነበር፤ ግማሾቹ አያሳስቡም። በጉዳት ብዛት የሚጠቀስ ልዩነት አልተገኘም። ሌላው ጉዳይ፣ አንድን ጡንቻ ከውድድር በፊት ከ60 ሰከንድ በላይ ረግቶ መያዝ ጉልበቱን ለጊዜው እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶች ይስማማሉ። በ2002 ደግሞ አንድሪው ጆንስ በ34 የዓለም አቀፍ ደረጃ ሯጮች ላይ ባደረገው ልኬት፣ ሰውነታቸው ብዙም የማይተጣጠፍ ሯጮች በተመሳሳይ ፍጥነት አነስተኛ ኦክስጅን ይፈጁ ነበር። ባሌስትራው ጠንከር ያለ ሯጭ ነዳጁን ይቆጥባል ማለት ይመስላል።

የአገራችን ሯጮች ማለዳ በመስመር ተሰልፈው፣ እየተራመዱና እየዘለሉ፣ እግራቸውን እያወናጨፉ ሲያሟሙቁ አይታችሁ ይሆናል። በዚያ መንገድ ባት በእንቅስቃሴ ይሳባል፣ ደም ይሞቃል፣ ጉልበትም አይባክንም። ከሩጫ በፊት የሚበጀው ይህ ነው፤ ረግቶ ማሳሳቡ ለማታ ይቆይ።

ምን እናድርግ?

ፍላጎታችሁን ለዩ። ቁርጭምጭሚታችሁ በቀላሉ እንዲታጠፍ ብቻ ከሆነ፣ ግድግዳ ተደገፉ፣ የኋላ እግራችሁን ጣቶች ወደ ፊት አቅኑ፣ ተረከዙን ከወለሉ አታንሡ። በቀጥ ጉልበት 30 ሰከንድ፣ በታጠፈ ጉልበት 30 ሰከንድ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በሳምንት አምስት ቀን። መሳቡ ይሰማችሁ፣ ጥርስ የሚያስነክስ ሕመም ግን አይኑር፤ ዘበኛ በዱላ አይለምድም። ከ6 ሳምንት በፊት አትፍረዱ።

ጅማታችሁ እንዲጠነክር ከሆነ ማሳሳቡን ተዉና ሸክም ስጡት። በሁለት እግር ጣታችሁ ላይ በቀስታ ተነሡ፣ በአንድ እግር በቀስታ ውረዱ። ሲቀላችሁ ክብደት ጨምሩ። ስኳር ሕመም ያለባችሁ ግን በራሳችሁ አትጀምሩ። በስኳር የተነሣ ጅማት ይደርቃል፣ ተረከዝ ቶሎ ይነሣል፣ የእግር ፊት ብዙ ጫና ይሸከማል፤ ስሜት በጠፋበት እግር ላይ ያ ጫና ቁስል ይሆናል። ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት አይቶ ይምራችሁ።

ሁለት ነገር ሲያጋጥማችሁ ደግሞ ፈጽሞ አታሳስቡ። አንደኛው፣ በሩጫ ወይም በኳስ መካከል ከኋላ የተመታችሁ ያህል "ጧ" ብሎ፣ ዞር ስትሉ ማንም ከሌለና በጣታችሁ መቆም ካቃታችሁ፣ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ከረጅም በረራ፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከአልጋ ቁራኛነት በኋላ አንድ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ ካመማችሁ፣ በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ወጌሻ ለብዙ ነገር ባለውለታችን ነው፤ ይህን ባት ግን እንዳያሸው። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ሕይወት ያጠፋል። በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ከሰዓት በኋላ እዚያው ግድግዳ ፊት መልሼ ቆሜ ነበር። ጉልበቴ ግድግዳውን የነካው ከጠዋቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ነው፤ 8 ሳንቲ ሜትር። ትርፌ በአንድ ቀን ተመልሳ ሄዳለች። አላዘንሁም፤ ማን እንደሰጠኝ ስለማውቅ ማን እንደወሰደብኝም አውቃለሁ። ሁለቱን የእርሳስ መስመሮች ግን አላጠፋኋቸውም። የቤት ሠራተኛችንም እንዳትጠርጋቸው ለምኛታለሁ። ከ6 ሳምንት በኋላ ቡና ሳልጠጣ እዚያው ቆሜ እለካለሁ።